የመሠረት ድንጋዩ የት ገባ?

አቶ ፈንታሁን የሚባሉ የአንድ ከተማ የቤቶች ኃላፊ ለድሆች ርካሽ ቤት የሚሠራበትን መሬት የመረጡት ከመኪናቸው ሳይወርዱ ነበር። “መሬቱ ለጥ ያለ፣ ሣሩ ለምለም! ከዚህ በላይ ምን ጥናት ያስፈልገዋል?” አሉና ግንቦት ላይ ስማቸው የተቀረጸበትን ትልቅ የመሠረት ድንጋይ በእልልታና በጭብጨባ አስቀመጡ።

ቦታው ግን ጨፌ ነበር። የሰፈሩ ሰው ለበዓል የሚጎዘጉዘውን ቄጠማ የሚያጭደው ከዚያ ነው፤ ኃላፊው ድንጋዩን ባስቀመጡ ቀን ተጎዝጉዞላቸው የረገጡት ቄጠማ ራሱ እዚያው የታጨደ ነበር።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ እንግዶች አስከትለው ድንጋያቸውን ሊያሳዩ ቢመጡ ድንጋዩ የለም። ፊታቸው በርበሬ መሰለ። እንግዶቹን ዳር ላይ ትተው ጨፌው መሀል ዘው አሉና ቄጠማ በምታጭድ ሴት ላይ ጮኹባት።

“አንቺ! ድንጋዬን የሰረቀውን ሌባ አሁኑኑ ተናገሪ! አለዚያ አንቺም ጎረቤቶችሽም ከቤት ዕጣው ትሰረዛላችሁ!”

ሴትየዋ ማጭዷን አስቀምጣ እጅ ነሳች።

“ኧረ ጌታዬ፣ ሌባ እንኳ የለም። ድንጋዩ እርስዎ ያላጠኑትን መሬት ሊያጠና ወደ ታች ወርዶ ነው።”

“ወርዶ? እና መቼ ነው የሚመለሰው?” ብለው በንዴት እግራቸውን ሊያነሱ ቢሞክሩ እግራቸው እምቢ አለ። ጭቃው ጉልበታቸው ደርሷል።

ሴትየዋ ቁልቁል አየቻቸውና፣ “እሱን እንኳ እርስዎ ሲደርሱ ይጠይቁታል” አለች።