ከአጥር ሥር የተበላ አጥንት

አንድ ጊዜ፣ ከገደል አፋፍ ላይ በተሠራ አንድ ግቢ ውስጥ፣ መከታ የሚባል ውሻ ይኖር ነበር። ስሙን ያወጡለት ገና ቡችላ ሳለ ነው፤ ጫጩት ልትነጥቅ የወረደችን ጭልፊት ዘሎ ጅራቷን ስለነጨ። ካደገ በኋላማ ጅብ ድምፁን ከሰማ መንገድ ይቀይር ነበር። በግቢው ውስጥ አብረውት አንዲት ፍየልና አንዲት አሮጊት አህያ ይኖራሉ። ፍየሏ ቦቃ የምትባል፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ግልገል ነበረቻት። ቦቃ እንቅልፏ ሲመጣ እናቷ ጋ አትሄድም፤ መከታ ሆድ ላይ ነበር ጋደም የምትለው።

በክረምቱ መግቢያ ላይ አንድ በቅሎ ገደል ገባ። ከገደሉ ሥር የሚኖረው ጅብ ሬሳውን ሲያገኝ ደስታው ልክ አጣ። ግማሹን ጨርሶ በቀረው ላይ ተጋድሞ ሳለ ቀበሮ ከተፍ አለች።

«አያ ጅቦ፣ ይህ በቅሎ እስከ መቼ ይበቃሃል?»

«ለዛሬ!» አለ ጅብ።

«ለነገስ?»

ጅብ ስለ ነገ አስቦ አያውቅም።

«ከላይ ባለው ግቢ ግልገል አለች፤» አለች ቀበሮ። «ፍየል አለች፤ አህያም አለች። የሚያግድህ አንድ ውሻ ብቻ ነው። አንተ በጉልበት አትችለውም፤ ሆዱ ግን ይጥለዋል። ከዚህ በቅሎ በየቀኑ አንድ አጥንት ስጠኝ፤ እኔ አደርስለታለሁ። ሲወፍር መሮጥ ያቅተዋል።»

«የእኔን አጥንት? ለውሻ?» የጅብ ዓይን እንባ አቀረረ። «እመት ቀበሮ፣ እባክሽ ሌላ ነገር ጠይቂኝ። ጆሮዬን ውሰጂ!»

«ጆሮህን ማን ይበላዋል?»

ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው ጅብ እሺ አለ። አጥንቱን የሚሰጣት ግን መጀመሪያ ልሶ፣ ቀጥሎ አሽትቶ፣ በመጨረሻም ፊቱን አዙሮ አልቅሶ ነበር።

ቀበሮ የመጀመሪያውን አጥንት ይዛ ወደ ቅንጭቡ አጥር ስትመጣ መከታ ጆሮውን ቀሰረ፤ ጥርሱንም አሳየ።

«ኧረ ተው ወንድሜ!» አለች በለሰለሰ አንደበት። «ለጠብ አልመጣሁም። አገሩ ሁሉ በአንተ ጥበቃ ተኝቶ ሲያድር ያመሰገነህ ማን ነው? አንድ ቁራሽ እንጀራ በገል ጥለውልህ ይሄዳሉ። ይህን የጎረቤት ስጦታ ቁጠረው።»

አጥንቱን በአጥሩ ሽንቁር አሾልካ ሄደች። መከታ ትንሽ ቆመ። ቀበሮ በከንቱ አጥንት እንደማትሰጥ ሆዱ ያውቀዋል። አፉ ግን አልጠየቀም። አጥንቱን ከአጥሩ ሥር ይዞ ገብቶ፣ ማንም እንዳያየው ጀርባውን ሰጥቶ በላ።

በማግስቱም መጣችለት፤ በሳልስቱም። ሆድ ሲሰፋ ያለውን አይቆጥርምና መከታ አጥንቱ ብቻ አልበቃው አለ። ጠዋት የቤቱ እመቤት የምታወርድለትን ፍርፋሪ ይጨርስና፣ ልጆቿ ምሳ ሲበሉ በራፍ ላይ ተቀምጦ ዓይን ዓይናቸውን ያያል። ከዚያ ጎረቤት ይሻገራል። እዚያም ጭራውን እየቆላ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ከትናንት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰ ይሆናል። «ወይ ምስኪን!» እያሉ ሁሉም ይጥሉለታል። ማንም ሌላው ቤት እንደበላ አያውቅም።

ሐምሌ ሳያልቅ አንገቱና ትከሻው አንድ ሆኑ። ጥቂት ሲራመድ ያለከልካል። አንዳንድ ቀን ቀበሮን እየጠበቀ ከአጥሩ ሥር ሲቀመጥ ራሱን ታዝቦ ያፍር ነበር። ያፍራል እንጂ ተነሥቶ አይሄድም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከገደሉ ጉም ወጥቶ ግቢውን ሸፈነው። ድንገት የቦቃ ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። መከታ ብድግ አለና ጮኸ። ጅብ ግልገሏን በአፉ ይዞ በአጥሩ ላይ ሲዘል አየው። በጉብዝናው ወራት በሚሾልክበት ሽንቁር አቋርጦ ሊቀድመው ሮጠ። ጭንቅላቱ አለፈ፤ ትከሻው እየተፋፋቀ አለፈ፤ ሆዱ ጋ ሲደርስ ተቀረቀረ። ቢገፋ አልሆነም፤ ቢመለስ አልሆነም። የኋላ እግሮቹ ጭቃውን ይቧጥጣሉ፤ ዓይኑ ቦቃን እያየ ጉሙ ዋጣት።

ከቁጥቋጦው ውስጥ የሚያውቀው የለሰለሰ ድምፅ መጣ።

«ምን ያደክምሃል ወንድሜ? የነገው አጥንትህ እንደሆነ አይቀርብህም።»

ይህን የሰማው እሱ ብቻ ነበር።

ፍየሏ እየጮኸች ደረሰች። ከተቀረቀረበት ያወጣችው እሷ ነበረች፤ በቀንዷ አጥሩን ሰብራ። ወገቡ ደምቶ ስታየው፣ «ልትደርስላት ብለህ ነው እንዲህ የሆንከው!» ብላ አለቀሰች። «እግዜር ያክብርህ። አቅም ቢያንስህ ምን ታደርግ?»

መከታ ዓይኑን ከመሬቱ ሳያነሣ ከፊቷ ዞር አለ።

በዚያን ቀን ማታ የቤቱ እመቤት፣ «ይህ ውሻ ልቡ ተሰብሯል፤» ብላ አንድ ገል ሙሉ ወተት አቀረበችለት። መከታ ምግብ የሚባል ላይቀምስ ምሎ ነበር። ወተቱን አሸተተው፤ ፊቱን አዞረ፤ ተመልሶ አሸተተው። ቀና ሲል ገሉ ተልሶ ደርቋል። ማዶ ፍየሏ የሞተች ልጇን ስም እየጠራች ነበር።

በማግስቱ አሮጊቷ አህያ ከአጥሩ ሥር ሣር ስትፈልግ ቆየችና ወደ መከታ መጣች።

«ልጄ፣ እዚያ የአጥንት ክምር አየሁ። ከእኛ ቤት የወጣ ነው እንዳልል፣ እኛ ቤት ከፋሲካ ወዲህ ሥጋ አልገባም። ከየት መጣ?»

መከታ ጭራውን በእግሮቹ መሃል ከተተ። ሊዋሽ አፉን ከፈተና ተወው። ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራት፤ ቀበሮን፣ አጥንቱን፣ የጎረቤቱን ልመና፣ በጉሙ ውስጥ የሰማውንም። «እማማ፣ እባክሽ ለማንም አትንገሪብኝ፤» አላት በመጨረሻ።

አህያዋ ጆሮዋን ጣለች።

«እኔስ አልናገርም። ግን ይህን መስማት ያለባት እኔ አይደለሁም። ፍየሏ ያቻትና።»

ከአህያዋ እስከ ፍየሏ ሃያ እርምጃ አይሞላም። መከታ ግን በሕይወቱ እንደዚያ ቀን የረዘመበት መንገድ የለም። ከፊቷ ሲደርስ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«አቅም አንሶኝ አይደለም፤» አለ። «አቅሜን ሽጬው ነው። የጅብን አጥንት ስበላ ከረምኩ። ለምን እንደሚሰጡኝ ውስጤ እያወቀ ዝም አልኩ።»

ፍየሏ የምታኝከው ሣር ከአፏ ወደቀ።

«ውሻ በበላበት ይጮሃል ሲሉ እሰማ ነበር፤» አለች ቀስ ብላ። «አንተ የት ነው የበላኸው?»

ከዚያ ጀርባዋን አዞረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አታናግረውም፤ እሱ ባለበትም አትውልም።

መከታ ከዚያ በኋላ የጣሉለትን ሁሉ እምቢ አለ። ሦስት ቀን ጦሙን ዋለ፤ ጦሙን አደረ። ቀበሮ አጥንት ይዛ ብትመጣ ከተኛበት አልተነሣላትም። በአራተኛው ቀን ሊቆም ሲል ጉልበቱ ከዳውና ተደፋ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች አህያዋ።

«ይህን ሆድ እየቀጣሁት ነው።»

«ሆድህ በሦስት ቀን አልወጣ፤ በሦስት ቀን እንዴት ይወርዳል? እንዲህ የተራበ ደግሞ ቀን ጠብቆ የባሰ ይበላል። በል አሁን ተነሣና ትንሽ ቅመስ። ከነገ ጀምሮ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ብላ፤ ያውም ገሉን እስከ ግማሹ። የተረፈውን ዶሮዎቹ ያንሡት። ልጆቹ ምሳ ሲቀርብላቸው ደግሞ በራፍ ላይ አትቀመጥ፤ ያየ ዓይን መለመኑ አይቀርም። በዚያን ሰዓት እኔ ውሃ ልጠጣ ወንዝ እወርዳለሁ። አብረኸኝ ትወርዳለህ።»

«እዚያ ድረስ መድረስ አልችልም።»

«እስከምትችልበት እንሄዳለን።»

በመጀመሪያው ቀን እስከ ዋርካው ደርሶ ተመለሰ። እረኞች ሲያዩት፣ «ይህ በግ ነው ውሻ?» ብለው ሳቁበት። በማግስቱ ሌላ መንገድ እንዲሄዱ አህያዋን ለመናት። «መንገዱ ይኸው ነው፤» አለችው፤ ሄደ። ግማሽ ገሉን ጨርሶ የቀረውን ግማሽ ዶሮዎች ሲለቅሙት ቆሞ ማየት ከመንገዱ ይብስበት ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሆዱ ሲጮህ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃውም ካልያዘለት ይተኛል።

በመስከረም ጎረቤት ተዝካር ሆነ። መከታ ሽታው ሲመጣበት ለጥቂት ቻለ፤ ከዚያ ሾልኮ ሄደ። በላ፣ በላ፣ መነሣት እስኪያቅተው በላ። አመሻሹ ላይ ሆዱን እየጎተተ ሲመለስ አህያዋን በረቱ ደጃፍ ቆማ አገኛት።

«ተይኝ እማማ፤ ከእኔ ምንም አይወጣም። እዚያ ስበላ ቦቃ አንዴ እንኳ ትዝ አላለችኝም።» ፊቱን በመዳፉ መሃል ቀበረ።

«ነገ ወንዝ ትወርዳለህ ወይስ አትወርድም?» አለችው አህያዋ።

«...እወርዳለሁ።»

«እንግዲያው ተኛ።»

ኅዳር ሲገባ ወንዙ ድረስ ወርዶ ሳያርፍ ይመለስ ጀመር። በታኅሣሥ አንገቱ ከትከሻው ተለየ። ጎረቤት ሄዶ መለመኑንም እርግፍ አድርጎ ተወ፤ ሲጠሩት እንኳ ጭራውን ቆልቶላቸው ያልፋል። ፍየሏ ግን እንደ ዱሮው ጀርባዋን እንደሰጠችው ነበር። በጥር መንታ ወለደች። መከታ ግልገሎቹን ለማየት በረቱ አጠገብ ደረሰና፣ ልግባ ብሎ ለመጠየቅ ድፍረት አጥቶ ተመለሰ።

ከገደሉ ሥር ደግሞ የበቅሎው ነገር አብቅቶ የቀረው አንድ የጭን አጥንት ነበር። የግልገሎቹ ወሬ ሲሰማ ቀበሮ አጥንቱን ጠየቀች። ጅብ እያለቀሰ ሰጣት፤ መለየቱ ግን አልሆነለትም። «ትንሽ ልሸኘው፤» ብሎ አጥንቱን ተከትሎ ወጣ።

«ከቁጥቋጦው እንዳትወጣ!» አለችው ቀበሮ።

እኩለ ቀን ነበር። መከታ ከወንዝ ተመልሶ ከአጥሩ ጥግ ተቀምጧል።

«ወንድሜ፣ እንዴት ከስተሃል!» አለች ቀበሮ በሽንቁሩ። «የሚያስብልህ ጠፋ እንዴ? እንካ፤ ይህ ከሁሉም የሚበልጠው ነው።»

ትልቅ የጭን አጥንት ነበር። የመከታ አፍ ውሃ ሞላ። አምስት ወር ሙሉ ታግሎ፣ ቦቃን አስበልቶ፣ አፉ አሁንም ውሃ በመሙላቱ ከጆሮው እስከ ጭራው ኀፍረት ወረረው። በዚያው ኀፍረት ውስጥ ሆኖ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ጮኾ ተናገረ።

«እማማ! እትዬ ፍየል! ቦቃን ያስበላሁበት አጥንት ዛሬም መጥቷል፤ አልበላውም! ግልገሎቹን አስገቡ!»

አጥንቱንም በአፍንጫው ገፍቶ በሽንቁሩ መለሰው።

ጅብ አጥንቱ ሜዳ ላይ ወድቆ ሲያይ ተንኮሉም ግልገሎቹም ከራሱ ጠፉ። «አልፈለገውም! እንግዲያው የእኔ ነው!» ብሎ ከቁጥቋጦው ዘሎ ወጣ። መከታም አጥሩ ሲጠገን እንደ ዱሮው በጠበበው ሽንቁር አለፈ፤ ቅንጭቡ ጠጉሩን እንኳ አልነካውም። ቀበሮ ነገሩን ስታይ ማንንም ሳትሰናበት ተሰወረች። ጅብ አጥንቱን እጥላለሁ አልጥልም ሲል መከታ ደረሰበትና ጭኑን ነከሰው። ቁልቁል አባረረው፤ ወንዙን አሻገረው፤ ማዶ ያለውን ዳገት እያነከሰ አልፎ እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ ጮኸበት። ጅቡም ወደዚያ አገር አልተመለሰም።

መከታ ሲመለስ የቤቱ ሰዎች እያጨበጨቡ ተቀበሉት፤ ልጆቹ አንገቱን አቀፉት። እሱ ግን ምስጋናው የሌላ ሰው ዕቃ በእጁ እንደተገኘበት ሌባ አሳፈረው። ከመሃላቸው ወጥቶ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ፍየሏ ከበረቱ ወጥታ ከፊቱ ቆመች። ከሐምሌ ወዲህ ያን ያህል ቀርባው አታውቅም።

«አመሰግንሃለሁ አልልም፤» አለች።

«አይገባኝም፤» አለ መከታ።

«ይቅር ብዬሃለሁም አልልም፤ ገና አልሆነልኝም። ቦቃ አትመለስም። ግን ዛሬ ስትጮህ ሰማሁህ፤ ያንን ማንም ሳያስገድድህ እንደተናገርክ አውቃለሁ።» ወደ በረቱ ዞር አለች። «ግልገሎቹ በረቱ በር ላይ ናቸው። ነፋሱ ከዚያ በኩል ነው የሚመጣባቸው። መጥተህ ተኛበት።»

መከታ ተነሥቶ ሄደ። በሩ ላይ ጋደም አለና ግልገሎቹን ላለማየት ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። ጥቂት ቆይቶ አንዷ መጥታ ጎኑ ላይ ተደግፋ አንቀላፋች። እሱም እንዳትነቃበት ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ ሳይንቀሳቀስ ዋለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሆዱ ብሎ አደራውን የበላ ሰው ኀፍረቱ የሚቀልለት በደሉን ለበደለው በገዛ አፉ ሲናገርና ክፉ ልማዱን ወድቆ እየተነሣም ቢሆን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ሲተው እንጂ፣ በአንድ ሰሞን ራሱን በመቅጣት እንዳልሆነ ነው።