የፍሪጁ መነሻ ጉልበት

አንድ ሰው ድሬዳዋ ውስጥ ይኖር ነበር። ስሙን ጌጡ እንበለው። ሚስቱ ውባለም የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ በየቀኑ የምትወስደው ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የድሬን ሙቀት የቀመሳችሁ ታውቃላችሁ፤ መድኃኒቱ ውጭ ከሰነበተ ይበላሻል።

የሠፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለና መብራት ጠፋ። ሳምንት ይፈጃል ተባለ።

“ጌጡ” አለችው ውባለም፤ “ጋሼ ሽብሩ ጄኔሬተር አለው። መድኃኒቱን እሱ ፍሪጅ ውስጥ ባስቀምጠውስ?”

ጋሼ ሽብሩ ማን ነው? የጌጡ ታላቅ ወንድም ነው። የት ነው ያለው? ከአጥሩ ማዶ! የአባታቸውን ግቢ ሲካፈሉ በአንድ ክንድ መሬት ተጣልተው አራት ዓመት ሙሉ ሰላም አይባባሉም። አንድ ክንድ! አልጋ እንኳ አያስዘረጋም።

“እሱ ደጅ ከምቆም የራሴን እገዛለሁ” አለ ጌጡ።

ሰነፍ እንዳትሉት፤ ወረቀት አውጥቶ ደመረ። ፍሪጁ ሁለት መቶ ዋት፣ ቴሌቪዥኑ መቶ፣ ማራገቢያው ሰባ፣ አምፖሎቹ ስልሳ። በጠቅላላው አራት መቶ ሠላሳ። ስለዚህ ስድስት መቶ ሃምሳ ዋት የሚያወጣ ጄኔሬተር ገዛ። ይተርፈዋል እኮ! ገመዱን ስቦ አስነሳው። አምፖሉ በራ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ቴሌቪዥኑ ተናገረ። ፍሪጁን ሲሰካው ግን ጄኔሬተሩ አቃሰተና ጸጥ አለ።

አባባ ሀብቴን ጠራቸው፤ በምድር ባቡር ጋራዥ ሠርተው የሸበቱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው። ወረቀቱን አይተው ሳቁ።

“ድምርህ ልክ ነው ልጄ። የረሳኸው መነሻውን ነው። ፍሪጅ ሞተር አለው። አንዴ ከተነሳ ሁለት መቶ ይበቃዋል፤ ሲነሳ ግን ለቅጽበት አራት እጥፍ ይጠይቃል።”

“ሌላውን ሁሉ ባጠፋለትስ?”

“እንሞክራለን።” ሌላውን ነቅለው ፍሪጁን ብቻ ሰኩ። አሁንም አቃሰተ፤ አሁንም ጠፋ። “ሌላ ጊዜ ስትገዛ መነሻው የሚከብደውን አስልተህ ግዛ። ስታስነሳም እሱን አስቀድም። ለዛሬው ግን…” አሉና ጆሯቸውን ወደ አጥሩ አዘነበሉ። የሽብሩ ትልቅ ጄኔሬተር ከማዶ ይሰማል።

ጌጡ ፍሪጁን ከፈተ። ውስጡ ሞቋል። ውባለም መድኃኒቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ሚስቱን ለእልኩ ሊገብራት እንደነበር ገባውና አፈረ።

መድኃኒቱን ተቀብሏት ወጣ። እስከ ወንድሙ ደጅ ሃያ እርምጃ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሲያሰላ የኖረው ከዚያ በኋላ ያለውን ነበር፦ ከታረቅን እንዴት እንኖራለን? ሰው ምን ይላል? ያን ሁሉ ይችለዋል። ያቃተው የቆርቆሮውን በር ማንኳኳት ነው። ሁለት ጊዜ እጁን አነሳ፤ ሁለት ጊዜ አወረደ። በሦስተኛው አንኳኳ።

“ማነው?”

“እኔ ነኝ… ጋሼ።”

አራት ዓመት ከአፉ ያልወጣች ቃል ናት። በሩ ተከፈተ።

“ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል?” አለ ሽብሩ። “ጄኔሬተርህ ሲያቃስት ሰምቼ ፍሪጄ ውስጥ ለመድኃኒቱ ቦታ አዘጋጅቻለሁ። እኔም እኮ ደጅህ ድረስ መጥቼ ተመለስኩ።”

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሽብሩ ቤት በአጥሩ ላይ ሽቦ ተሻገረ፤ የጌጡም ፍሪጅ ተነሳ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ስንት ዓመት ደምራችኋል? “ብታረቀው አብረን እንዴት እንዘልቃለን?” ትላላችሁ። መዝለቁ እንደዚያ አይከብድም! የሚከብደው መነሻው ነው። የመጀመሪያዋ ስልክ፣ የመጀመሪያዋ ሰላምታ፣ “እኔ ነኝ” ማለት። እዚህ መጥታችሁ ትዘምራላችሁ፣ ታስቀድሳላችሁ፣ ትመጸውታላችሁ፤ ደግ ነው። አምፖሉ በርቷል፣ ማራገቢያው ይዞራል። ፍሪጁ ግን እየሞቀ ነው፤ ውስጡ ያለውም የሰው ሕይወት ነው።

ባይከፍትልኝስ? ትሉኝ ይሆናል። ላይከፍት ይችላል፤ አልዋሻችሁም። ግን እሱም ደጃችሁ ድረስ መጥቶ ተመልሶ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

ለመነሻው የጎደላችሁን ጉልበት እግዚአብሔርን ለምኑት፤ አይነፍጋችሁም። ከዚያ ከባዱን አስቀድሙ። ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ ወደ ቤት ከመግባታችሁ በፊት አንድ በር አንኳኩ። የማን በር? ብላችሁ አትጠይቁኝ። እኔ ስናገር በልባችሁ የመጣው ሰው በር ነው።