ፀጉር ቆራጩና አስታማሚው

አንድ ፀጉር ቆራጭ ነበረ። ሀብታም አልነበረም፤ ችግረኛ ነው ብሎ የሚያዝንለትም አልነበረም። በተወለደባት ከተማ፣ ከገበያው በላይ ባለው መንገድ ዳር፣ አንድ ወንበርና አንድ መስታወት የምትይዝ ቤት ነበረችው። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ልጅ አልወለደም። የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ራስ ግን በእጁ ያውቀዋል። ማን የልጅነት ጠባሳ እንዳለው፣ ማን በየት በኩል መመለጥ እንደጀመረ ከሚስቶቻቸው ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። አንተ «ሎተሪ ቢደርሰኝ ከዚህ ከተማ እወጣ ይሆን?» ብለህ ጠይቀኸኛልና፣ መልሱ ከኔ ይልቅ እሱ ዘንድ ስላለ ቁጭ ብለህ ስማኝ።

ይህ ሰው እንደ ብዙዎቻችን ሎተሪ ይቆርጥ ነበር። ይቆርጥና ኪሱ ይከታል፤ ሳይደርሰው ሲቀር ቀዶ ይጥላል፤ መልሶ ይቆርጣል። አንድ ቀን ግን ደረሰው። ቁጥሩን ጋዜጣ ላይ አየው፤ አላመነም፤ ደግሞ አየው። ሌላ ሰው እንዲያይለት አማረው፤ ነገር ግን ለማን ያሳይ? ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተበላሸው። ደስታው ገና ከልቡ ሳይደርስ ፍርሃቱ ቀድሞ ገባ።

ወንበሩ ላይ የነበረውን ደንበኛ በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብሎ አየው። ትናንት ወዳጁ የነበረ ሰው ዛሬ እጁን ሊዘረጋ ያሰፈሰፈ መሰለው። በዚያች ሰዓት የሚያውቃቸውን ሁሉ በሐሳቡ ጠራቸው። ጣራው የሚያፈስበት አለ፤ ልጁ የታመመበት አለ፤ የእህቱ ልጅ አለ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚያሠሩት ሽማግሌዎች አሉ። አንድ በአንድ እያመጣ አንድ በአንድ እምቢ አላቸው። ልብ በል፤ አንዳቸውም ገና ምንም አልጠየቁትም።

ስለዚህ ለመውጣት ወሰነ። ሎተሪው ወደሚከፈልበት ወደ ዋናው ከተማ ይሄዳል፤ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ከዚያ ማንም ወደማያውቀው፣ ሐይቅ ዳር ወዳለ ከተማ ይሻገራል። የራሱን ከተማ ጠልቶ አይደለም። ይወዳታል፤ ሌላ አገር ቢያድር እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። የፈራው ሰዎቿን ነው። እኔን ከጠየቅኸኝ፣ ሰዎቿን እየፈሩ ከተማ መውደድ ምን ዓይነት መውደድ እንደሆነ አላውቅም።

ድንገት ቤቱን ዘግቶ ቢጠፋ ወሬው አገር ያዳርሳል፤ ምን አግኝቶ ነው ይባላል። ስለዚህ ታመምኩ አለ። ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ራሴን ያዞረኛል፣ ዋናው ከተማ ሄጄ ካልታየሁ አልድንም አለ። ለሕክምና የሄደን ሰው ለምን ሄደ የሚል የለም። ሳይመለስ ቢቀርም ቀስ በቀስ ይረሱኛል ብሎ አሰበ። በልቡም ብልሃተኛነቱን አደነቀ።

ብልሃተኛው የዘነጋው የራሱን ሰፈር ነው። እዚያ ሰፈር ጤነኛ ሰው ብቻውን ሊውል ይችላል። የታመመ ግን ቢፈልግም ብቻውን አይተዉትም።

ታመመ በተባለ በማግስቱ ቤቱ ሞላ። አንዷ አጥሚት አፍልታ መጣች፤ ሌላው ሙዝ በፌስታል አንጠልጥሎ ገባ፤ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ወጥተው ደጁ ላይ ተደረደሩ። «ይማርህ» እያሉ ይገባሉ፤ «አሜን» ይላል። ካንተ የባሰም ድኗል እያሉ ያጽናኑታል፤ ቀጥለውም የሞቱትን ይቆጥሩለታል። እሱ ግን ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ የእያንዳንዱን ዓይን ይመረምራል። ለምን መጡ? ሰምተው ይሆን? አጥሚቱን ሲጠጣ እንኳን ለዚህ ምን ልታስከፍለኝ ነው እያለ ነበር የሚጠጣው።

ትኬቱን ትራሱ ውስጥ ሰፍቶታል። ሴቶቹ አንድ ጠዋት አልጋውን እናናፍስለት፣ ይህ ትራስም ፀሐይ ይንካው ብለው ተነሡ። አንደኛዋ ትራሱን ጫፉን ይዛ ስትስብ ፀጉር ቆራጩ በሁለት እጁ አቀፈውና አለቅም አለ። ላብ በላብ ሆነ። እሷ ትስባለች፤ እሱ ይስባል። ስፌቱ ሲተረተር ሰማው፤ ነፍሱ ልትወጣ ምንም አልቀራት። ሴትዮዋ ደንግጣ ለቀቀችው። ሴቶቹ ተያዩ፤ አንዷም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። በሽታው ወደ ራሱ ወጥቷል ተባለ።

አሁንማ መሄድ አለብኝ ብሎ ነገ እሳፈራለሁ አላቸው። የእድሩ ዳኛ፣ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ ብቻህን ነው ወይ ብለው ጠየቁት። አዎ አለ። ሽማግሌው እንደተሰደበ ሰው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ሽብሩ፣ አንተ ሰው የለህም እንዴ? ያለ አስታማሚ ከዚህ ሰፈር የወጣ በሽተኛ ማን አለ? ነግ በኔ ነው።»

እሱ ለመነ፤ እችላለሁ አለ፤ ማንንም ማስቸገር አልፈልግም አለ። እምቢ ባለ ቁጥር ሕመሙ ጸናበት አሉ። ማን ይሂድ ተባለ። ከጎረቤቱ፣ ግድግዳ ከሚጋራው ቤት፣ አንድ ግንበኛ ተነሣ። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ከርሞ ገና በዚያ ሳምንት ሥራ የጀመረ ነው። ሚስቱ በር ላይ ሆና አራስ ልጇን ታጠባለች። እኔ እሄዳለሁ አለ፤ አባቴ አልጋ ላይ በነበረ ጊዜ ጋሽ ሽብሩ በየሳምንቱ እየመጣ ጢሙን ይላጨው ነበር፤ አንድ ቀን ዋጋ ተቀብሎ አያውቅም አለ። ፀጉር ቆራጩ ይህን ነገር ረስቶት ነበር። የግንበኛው ሚስት ልጁን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችው።

ሽማግሌው ግንበኛውን በስሙ ጠርተው አደራ አሉት።

«ይዘኸው ሄደሃል፤ ይዘኸው ና።»

ሁለቱም አውቶብስ ተሳፈሩ። ግንበኛው መስኮቱን ለቀቀለት፤ ጋቢውን አለበሰው፤ ራሱን ትከሻው ላይ እንዲያስደግፍ አደረገው። ፀጉር ቆራጩ ትራሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኗል፤ አልተኛም። ለዚህ ሰው ብነግረውስ አለ በልቡ። ሊናገር አፉን ከፈተ። ግንበኛው «ውሃ ልስጥህ፣ ጋሼ?» ሲለው መልሶ ዘጋው። ለአንድ ሰው የተነገረ ለሁሉም የተነገረ ነው ብሎ ራሱን አጸና። ግን ያ ትከሻ ጎረበጠው፤ እስኪደርሱ ድረስ ጎረበጠው።

ዋናው ከተማ መናኸሪያ ሲወርዱ የሰው ብዛት ዓይን ያጭበረብራል። ውሃ ጥም ገደለኝ አለው። ግንበኛው ከግንብ ሥር አስቀመጠው፤ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል ብሎ አስጠንቅቆት እየሮጠ ሄደ። ፀጉር ቆራጩ የግንበኛው ጀርባ ከሰው መሐል እስኪሰወር ጠበቀ፤ ከዚያም ትራሱን አቅፎ በሌላው በር ወጣ። ጥቂት እንደተጓዘ ከኋላው ስሙ ሲጠራ ሰማ። ድምፁ መጀመሪያ እንደ ዋዛ ነበር፤ ቀጥሎ ፍርሃት ገባበት። እሱም እርምጃውን አፈጠነ።

ገንዘቡን ተቀበለ። ሐይቅ ዳር ያለችው ከተማ ገባ፤ ደህና ቤት ገዛ፤ ነጠላ ጫማ አድርጎ በረንዳው ላይ መቀመጥ ጀመረ። የጠየቀው ሰው የለም፤ የፈለገውም ይህንኑ ነበር። በዓል ሲመጣ በሩን የሚያንኳኳ አልነበረም። ግንበኛው ይሄኔ አገሩ ገብቷል፣ ሞቷል ብለው አልቅሰውልኛል፣ እርማቸውንም አውጥተዋል እያለ ራሱን ያባብላል። ያ ድምፅ ግን ሲተኛ ይጠራዋል።

አንድ ቀን ጢሙን ሊላጭ ፀጉር ቤት ገባ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ፎጣ አንገቱ ላይ ተደረገ፤ ፊቱ እስከ ዓይኑ ሥር በአረፋ ተሸፈነ። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሳለ በሩ ተከፈተና አንድ ሰው ገባ። በመስታወቱ ውስጥ አየው፤ ግንበኛው ነበር።

ከስቷል። ጢሙ ደረቱ ደርሷል፤ የሸሚዙ ኮሌታ አልቋል። ከሰርግ ፎቶ ላይ የተቆረጠ የአንድ ሰው ምስል ይዞ ምላጭ ለያዘው የፀጉር ቤቱ ባለቤት አሳየው። ሕመምተኛ ነው፣ ራሱን አያውቅም፣ ትራስ አቅፎ ነው የሚሄደው አለ። ሙያው ፀጉር መቁረጥ ስለነበረ ራሱን ቢስት እንኳን እጁ ወደ ፀጉር ቤት ሊመራው ይችላል ብዬ በየከተማው ያለውን ፀጉር ቤት እጠይቃለሁ አለ። አንድ የአውቶብስ ረዳት ወደዚህ ሲሳፈር ያየሁት መሰለኝ ብሎት ነው የመጣው። ባለቤቱ ምስሉን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ወንድምህ ነው?»

«አስታማሚው ነኝ» አለ ግንበኛው።

ባለቤቱ አዘነለት። ይህን ያህል ጊዜ ከፈለግኸው በቃ፣ ወደ ቤትህ ግባ አለው። ግንበኛው ምስሉን በመዳፉ እያበሰ መለሰለት።

«እንዴት ብዬ ልግባ? ይዘኸው ና ተብያለሁ። ባዶ እጄን ብመለስ ማንም ክፉ ቃል አይናገረኝም። የሚከብደኝም ይኸው ነው። ባለሁበት የቀን ሥራ እየሠራሁ እፈልገዋለሁ። ልጄ መራመድ ጀመረ አሉኝ።»

ከዚያ ወደ ወንበሩ ዞረ። ምስሉን አረፋ በተቀባው ሰው ፊት ዘረጋለት።

«እርስዎስ፣ ጌታዬ፣ አይተውት ይሆን?»

ባለቤቱ ምላጩን አንሥቶ ጠበቀ። በመስታወቱ ውስጥ ሦስት ፊት ነበረ፤ የግንበኛው፣ የፎቶው፣ የእሱ። በመዳፉ አንድ ጊዜ ፊቱን ቢጠርግ ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ግንበኛውም በማግስቱ ከልጁ ጋር ይውል ነበር። እጁ ከፎጣው ሥር ተነሣ። እስከ ደረቱ ደረሰ። በዚያች ሰዓት ለገንዘቡ አልፈራም፤ ቢጠይቀው ግማሹን በሰጠው። የፈራው ያ ሰው «ዳንክ ወይ፣ ጋሼ?» ብሎ ደስ እንዳይለው ነው። የግንበኛውን ደስታ ማየት አልቻለም። እጁን መልሶ ጭኑ ላይ አደረገና ራሱን ነቀነቀ፤ አላየሁም።

ግንበኛው እግዜር ይስጥልኝ አለ። ምስሉን ኪሱ ከቶ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና ይማረው በሉልኝ ብሎ ለመናቸው። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ «ይማረው» አሉ። በአረፋው ሥር ያለው ሰው ከንፈርም ተንቀሳቀሰ።

ይኸውልህ ልጄ። ውጣም አትውጣም አልልህ፤ ሰው አገር ይለውጣል፣ የኔም አያት እዚህ እንግዳ ሆኖ ነው የመጣው። ተሰናብተህ፣ ተመርቀህ ብትሄድ ማን ይይዝሃል? ነገር ግን ያ ፀጉር ቆራጭ ከተማውን የለቀቀው አውቶብስ በተሳፈረ ቀን እንዳይመስልህ። ገና ወንበሩ ላይ ያለውን ወዳጁን እንደ ሌባ ያየ ጊዜ ለቋት ነበር፤ እግሩ የሄደው በኋላ ነው። አንተም እንደ እሱ ብቻህን የምትወጣ ይመስልሃል። በየሰፈሩ ግን አንድ ግንበኛ አለ፤ አንተ ሳትጠይቀው ስለ አንተ አደራ የተቀበለ፣ የት ሄደ ቢባል የሚያፍርልህ። አንተ ስትሸሽ እሱ ይሰደዳል።

ዕጣው የደረሰው ለአንድ ሰው ነው፤ ከተማቸውን ያጡት ግን ሁለት ናቸው። ፀጉር ቆራጩ እንኳን ቤት ገዝቶበታል። ያኛው እስከ ዛሬ ይፈልጋል።