ብርሃን የወደቀበት ክንድ

«አንድ ሀብታም ሰው ነበረ» ብለው ጀመሩ የኔታ ጥዑመ ልሳን። ትርሲት የምትባል የንስሐ ልጃቸው፣ «ድሮ ስጸልይ ሰላም አገኝ ነበር፤ አሁን በጸለይኩ ቁጥር የሚታየኝ ክፋቴ ነው። እግዚአብሔር ራቀኝ እንዴ?» ብላ ጠይቃቸው ነው።

ይህ ሰው በሚሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በዘይት ቀለም የተሣለ አሮጌ የጌታ ሥዕል ነበር። የጧፍ ጭስ አጥቁሮት የሚታየው ጥቂት ነው፤ የጌታ ፊትና ከአጠገቡ ወደ ላይ የተነሣ የሰው ክንድ። ከጌታ ገላ የሚወጣው ብርሃን ክንዱ ላይ ወድቆ ወርቅ አስመስሎታል። ሰውየው ያንን ክንድ ከሁሉ አብልጦ ይወደው ነበር። የሚጸልይ ቅዱስ ክንድ መስሎት እሱም የራሱን እንደዚያው አንሥቶ ይጸልያል። የሟች ወንድሙን ሚስት ከቤቷ ያስወጣትም በዚሁ ክንድ ነው፤ ዳኛ ፊት አንሥቶ፣ «ቤቱ የእኔ ነው» ብሎ በሐሰት ምሎ። ይህ ግን አንድም ቀን ጸሎቱን ረብሾት አያውቅም።

የክንዱን ባለቤት የቅዱሱን ፊት ለማየት ጓጓና ሥዕል የሚያጸዳ ሠዓሊ አስመጣ። ሠዓሊው ጥላሸቱን በእርጥብ ጥጥ ቀስ እያለ ሲያነሣ እሱ አጠገቡ ቆሞ ያያል። መጀመሪያ ጣቶቹ ወጡ። ጅራፍ ጨብጠዋል። ቀጥሎ የጌታ ጀርባ ከነሰንበሩ ታየ። በመጨረሻ የገራፊው ፊት ወጣ፤ ቁጣ የለበትም፤ የዕለት ሥራውን እንደሚሠራ ሰው ረጋ ያለ ፊት ነው።

ሰውየው የራሱን ክንድ እያየ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ሠዓሊው ሁኔታውን አይቶ፣ «ጌታው፣ ካስከፋዎት መልሼ ላጥቁረው» አለው።

ሰውየው ተነሣ። ከዚያ፣ «ተወው፣ ይታይ» ብሎ ወጣ።

ወደ ቤቱ አልሄደም። በቀጥታ ሴትዮዋ ተጠግታ ወደምትኖርበት ጎጆ አመራ። በሩን ከፍታ ስታየው መልሳ ገርበብ አደረገችው።

«ደግሞ ከዚህም ልታስወጣኝ ነው?»

«በሐሰት ነው የማልኩት። ዳኛው ፊት ሄጄ ልናገር ነው፤ ነይና ስሚኝ።»

አላመነችውም። ሆኖም ነጠላዋን አንሥታ ከኋላው ራቅ ብላ ተከተለችው። ሰውየውም በሐሰት እንደማለበት ቀን ዳኛው ፊት፣ ሰው በተሰበሰበበት ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። ሴትዮዋ ቤቷ ገባች፤ እሱ ስለ ሐሰት መሐላው ታሰረ።

የኔታ ይህን ብለው ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው ጥላሸቱ ሳይነሣ ሰላም ነበረው። ለጌታ ብርሃን ከሁሉ ይልቅ የቀረበውም የገራፊው ክንድ ነበር። አንቺም ራቀኝ አትበይ፤ የደነገጥሽው ስለቀረበሽ ነው። እንግዲህ የታየሽን መልሰሽ አታጥቁሪው። ማንን እንደበደልሽ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ተነሺ፣ ሂጂና የበደልሽውን ሰው በር አንኳኪ።»