የጉም አምባ ማገዶ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጣ ሲሉት እየተመለሰ ባስቸገረበት ዓመት፣ ጉም አምባ ላይ የልጆች ሰፈር ተከፍቶ ነበር። ጉም አምባ ከጫካው በላይ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። የዱሩም የቤቱም እንስሳ በየዓመቱ ልጆቹን ለሁለት ሳምንት ወደዚያ ይልካል። ግልገሉ፣ ጥጃውና ደቦሉ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይሮጣሉ፣ ዱካ መለየትና ወንዝ መሻገር ይማራሉ። እዚያ ማንም የማንንም ልጅ አይነካም፤ ከድሮ ጀምሮ የተከበረ ሕግ ነው።

የሰፈሩ ኃላፊ እማማ ኤሊ ነበሩ። እማማ ኤሊ ሲራመዱ ቀርፋፋ ይሁኑ እንጂ ዓይናቸው ፈጣን ነው። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ማገዶ ቤቱን ከፍተው ሲያዩ የቀረው አንድ እቅፍ ጭራሮ ብቻ ነው። ብርዱ ደግሞ አጥንት ድረስ ይገባል። የሚዳቋዋ ግልገል ማሳል ጀምራለች። እማማ ኤሊ ወዲያው ወደ አንበሳ ላኩ፤ አንበሳም እንስሳቱን ሁሉ ሰበሰበ።

«ልጆቻችን በርዷቸዋል» አለ አንበሳ። «ለቀሩት ዘጠኝ ቀናት የሚበቃ እንጨት ተቆርጦ፣ ተፈልጦ፣ ጉም አምባ መድረስ አለበት። ደመወዝ የለውም። በፈቃዱ የሚሄድ ማን ነው?»

በሬ ትከሻውን እንደሚያመው ተናገረ። ጦጣ ዛፍ መውጣት እንጂ ዛፍ መቁረጥ እንዳልተማረች አስረዳች። ፍየል ድንገት ቤቷ ጥላው የመጣችው ሥራ ትዝ አላት።

«እኔ አለሁ» አለች አህያ ከኋላ። «መጥረቢያም አለኝ፣ ሽብልቅም አለኝ። ነገ ጠዋት እጀምራለሁ።»

ይህን ሲሰማ የጅብ ጆሮ ቀጥ አለ። አህያ ጫካ ውስጥ ልትገባ ነው፣ ያውም ብቻዋን! ምራቁን ዋጠና ዘሎ ተነሳ። «እኔም አለሁ! ለልጆቹ የማልሆነው ምን አለ?»

ቀበሮ አንበሳን ሰረቅ አድርጋ አየችው። ፊቱ በርቷል። እንዲህ ደስ ያለው ጌታ ፊት ሳይታዩ መቅረት ሞኝነት መሰላት። «እኔ ደግሞ» አለች ጅራቷን እያስተካከለች «የተፈለጠውን ወደ ሰፈሩ አጓጉዤ እደረድራለሁ። የኔም ሦስት ልጆች እዚያው አይደሉ?»

«መልካም» አለ አንበሳ። ከዚያ ወደ ጅብ ዞረ። «አያ ጅቦ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ጥርስህ አህያ ላይ ቢያርፍ እኔም ጥርስ አለኝ።»

«ኧረ ጌታዬ! እኔ?» አለ ጅብ መሬት መሬቱን እያየ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱ ጫካ ገቡ። አህያ የቆመ ዛፍ አልነካችም። ነፋስ የጣላቸውን ደረቅ ጽዶች መረጠች። በክንድ ልክ ትቆርጣለች፣ ጉማጁን ጉቶ ላይ ታቆማለች፣ የስንጥቁን መስመር ታያለች፣ ከዚያ ትመታለች። ጧ! ጉማጁ ለሁለት ይከፈላል። ጧ! ለአራት።

ጅብ ከኋላዋ ቁጭ ብሎ ዳሌዋን ያያል።

«አያ ጅቦ» አለች ሳትዞር። «ከኋላዬ ከተቀመጥክ እርግጫዬን ታውቀዋለህ። ከፊቴ ከተቀመጥክ መጥረቢያው ይኸው። ከጎኔ ሆነህ ከሠራህ ግን ሁለታችንም ደህና እንውላለን።»

ጅብ አሰበ፣ አሰበና ከጎኗ ሆነ። አህያ ትርፍ መጥረቢያዋን ሰጠችው። ሁለት ጉማጅ ፈለጠና ተዘረረ። «ራበኝ» አለ።

ቀበሮ ነገሩን ተከታተለች። ጅብ ከተኛ ሥራው ይጓተታል፤ ሥራው ከተጓተተ እሷም ማምሸቷ ነው። ቀስ ብላ ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«አያ ጅቦ፣ ያን የወደቀ ትልቅ ወይራ አየኸው?»

«አየሁት።»

«እንደሱ ያረጀ ወይራ ውስጡ መቅኔ አለው። ልክ እንደ በሬ አጥንት።»

ጅብ ብድግ አለ። «መቅኔ? እንጨት ውስጥ?»

«መሐል ለመሐል። ለማንም እንዳትናገር።»

ወይራው ጉጥ የበዛበት ግንድ ነበር። አህያ ጠዋት ሞክራው፣ ሽብልቋ ተቀርቅሮባት በመከራ አውጥታ ትታዋለች። ጅብ ግን ወረደበት። በመጥረቢያ ያልሆነለትን በመንጋጋው እየቀደደ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ የመጀመሪያውን ጉማጅ ከፈለው። መቅኔ የለም።

«ወደ ሥሩ በኩል ይሆናል» አለች ቀበሮ።

ሁለተኛውን ፈለጠ። ሦስተኛውን ፈለጠ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ አህያ አዘነችለት።

«አያ ጅቦ፣ እንጨት መቅኔ የለውም። ማን ነው እንዲህ ያለህ?»

«አሃ!» አለ ጅብ ዓይኑን አጥብቦ። «ለብቻሽ ልትበዪው! ነቅቼብሻለሁ!» ብሎ ስምንተኛውን አነሳ።

ስምንት ሰዓት ግድም ላይ ሁሉም ተፈለጠ። አህያ መጥረቢያዋን ጠረገችና «እመት ቀበሮ፣ ማጓጓዙን ላግዝሽ?» አለች።

«ኧረ በጭራሽ! ያንቺ ድርሻ አልቋል፤ ሄደሽ እረፊ።» ክምሩ የእሷ ብቻ ሥራ እንዲባል ፈልጋ ነበር። አህያም አመነቻትና ሄደች።

ጅብ ግን አሁንም ተስፋ አልቆረጠም። «ሲደርቅ ይወጣ ይሆናል» ብሎ የወይራውን ፍልጥ በሙሉ ወደ ዋሻው አስገባ። ቀበሮ አየችው፤ ዝምም አለችው። የማትሸከመው እንጨት ነዋ! ከጽዱም ቢሆን ሩብ ያህሉን ብቻ ወደ ላይ አወጣች፤ ዳገቱ ሰለቻት። ሰፈሩ ጓሮ ቅጠልና እርጥብ ቁጥቋጦ ከመረች፣ ዙሪያውን በፍልጥ አጠረችው፣ ከላይም በፍልጥ ከደነችው። ከውጭ ሲያዩት ጎጆ የሚያህል ማገዶ ነው።

አንበሳ መጥቶ አየው። «እመት ቀበሮ፣ ሥራ ማለት እንዲህ ነው!» አለና ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀኙ አስቀመጣት።

ሦስት ቀን አለፈ፤ ከክምሩ ዳር ዳር እየተነሳ ነደደ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። ሜዳው ነጭ ሆነ። እማማ ኤሊ እሳቱን ሊያጠነክሩ ከክምሩ ሁለት ፍልጥ ሲያነሱ ክምሩ ድርምስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ከሥሩ የወጣው የበሰበሰ ቅጠል ነው፤ የተረፈው ጥቂት ፍልጥም በበረዶው ርሷል።

«እማዬ የደረደረችው እኮ ነው» አለ የቀበሮ ታናሹ ልጅ እየተንቀጠቀጠ። «ውስጡ ሙሉ ነው። እባካችሁ ደግማችሁ እዩት።»

ደግመው አዩት። ቅጠል ነው።

ልጇን ልታይ መጥታ የነበረችው ጦጣ ወሬውን ይዛ ቁልቁል ሮጠች። ቀበሮ ደጃፏ ላይ ቆማ ሰማቻት። ክምሩ መፍረሱን ስትሰማ ፈራች፤ ልጇ ያለውን ስትሰማ ግን ቤቷ መቆየት አልቻለችም። ወደ አንበሳ ለመሄድ ድፍረት አጣች። ወደ አህያ ሮጠች።

«እመት አህያ፣ ጉድ ሠርቻለሁ» አለችና ሁሉንም ዘከዘከች።

አህያ አልተቆጣችም። ገመዷን እየፈለገች «ጫካ የቀረው ጽድስ?» ብላ ጠየቀች።

«የትናንቱ ጎርፍ ወስዶታል።»

«ወይራውስ?»

«ጅብ ዋሻው አስገብቶታል። ደረቅ ነው።»

አህያ ሆና ወደ ጅብ ዋሻ በገዛ እግሯ የሄደች የለችም።

«ላታልለው» አለች ቀበሮ። «መቅኔው የሚወጣው ጉም አምባ ላይ ሲነድ ነው እለዋለሁ። ራሱ ተሸክሞ ያደርሰዋል።»

«አይሆንም። እዚህ ያደረሰን ማታለል ነው። እውነቱን ትነግሪዋለሽ፣ እኔም አጠገብሽ እቆማለሁ።»

«ቢበላንስ?»

«ልጆቹ በረዶ ላይ ናቸው። ስለኔ ሥጋ የምናወራበት ጊዜ የለንም። ነይ!»

ጅብ ፍልጡን አንድ በአንድ እያሸተተ ደረሱበት። አህያን ሲያይ አፉ ተከፈተ። «አህያ! ከነዳሌሽ!»

«ለማገዶው ነው የመጣሁት» አለች ሳትንቀሳቀስ። «ቀበሮ የምትነግርህ አላት። ስማት።»

ቀበሮ አንገቷን ደፋች። «አያ ጅቦ፣ መቅኔ የሚባል ነገር የለም። እንድትፈልጥልኝ ብዬ ዋሸሁህ። ክምሩንም ባዶ ሠርቼ ምስጋናውን ለብቻዬ ወሰድኩ። ዛሬ ልጆቹ እሳት የላቸውም።»

የጅብ ጸጉር ቆመ። ዘሎ ፊቷ ላይ ደረሰ። ቀበሮ ዓይኗን ጨፈነች፤ አልሸሸችም። አህያ በመካከላቸው ገባች።

«አያ ጅቦ፣ ይህን ወይራ እኔ ሞክሬው አቅቶኛል። ሃያ ዓመት እንጨት ስፈልጥ እንዲህ ያለ ጉጣም ግንድ የከፈለ አላየሁም። በዚህ አገር ይህን የሚችል አንተ ብቻ ነህ።»

ጅብ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ሆዳም ተብሏል፣ ጅል ተብሏል። እንዲህ ግን ተብሎ አያውቅም።

«እስኪ ድገሚው» አለ።

«አንተ ብቻ ነህ።»

«ልጆቹ ያውቃሉ?»

«አያውቁም። እንጨቱን ይዘህ ከሄድክ ግን እነግራቸዋለሁ።»

ጅብ አህያን አየ። ፍልጡን አየ። ደግሞ አህያን አየ። ግንባሩ ተጨማደደ፤ እንዲህ ከባድ ነገር አስቦ አያውቅም። በመጨረሻ «በሉ ጫኑ!» ብሎ ጮኸ። «ግን ስሜ ጮክ ተብሎ ይጠራ!»

ወይራውን በኮባ ቅጠል ሸፍነው ዳገቱን ተያያዙት። አህያ በጀርባዋ ጫነች። ጅብ በገመድ የታሰረ ትልቅ ሸክም በመንጋጋው ጎተተ። ቀበሮ በትንሿ ትከሻዋ የቻለችውን ያዘች። በረዶው እያዳለጣት ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ሁለቱንም ጊዜ ፍልጧን ለቅማ ተነሳች። ቆዳዋ ተልጦ ደማ፤ አላቃሰተችም።

ቀትር ላይ ጉም አምባ ደረሱ። እማማ ኤሊ እፍ ብለው እሳቱን አስነሱት፤ ወይራው ተያያዘ። ልጆቹ ዙሪያውን ከበቡት። አህያ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ይህን ወይራ የፈለጠው አያ ጅቦ ነው!» አለች። ልጆቹ እየጮኹ ጅብ ጀርባ ላይ ወጡ። ጅብ ፈራ፣ አፈረ፣ በመጨረሻም ሳቀ። ሁለት ግልገሎች አንገቱ ላይ ተኝተው ሳሉ ረሃቡን ለአንድ አፍታ ረሳው።

አንበሳም ከወላጆቹ ጋር ደርሶ ነበር። ቀበሮ ልጆቿም ሌሎቹም በሚያዩበት ፊቱ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ያ ክምር ውሸት ነበር። እንጨቱን የፈለጡት አህያና ጅብ ናቸው። እኔ ልጆቹን አስበረድኩ፤ የራሴንም ጭምር።»

«ከዛሬ ጀምሮ ከቀኜ ተነስተሻል» አለ አንበሳ። «እውነቱን በራስሽ አፍ ባትናገሪ ኖሮ ከዚህ አገር ትነሺ ነበር።»

ታናሹ ልጇ ወደ እናቱ ሄደ። የተላጠ ትከሻዋን ላሰላት። ቀበሮ ያን ጊዜ አለቀሰች።

«እመት አህያ» አለ አንበሳ «ቦታው ያንቺ ነው። ነይ ተቀመጪ።»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ መቀመጥ አልችልም» አለች አህያ ገመዷን እየጠቀለለች። «ይህ እንጨት ሁለት ቀን ቢያቆይ ነው፤ ልጆቹ ገና አምስት ቀን አላቸው። ነገ ጠዋት ጫካ ነኝ።»

በማግስቱ አህያ ጫካ ስትደርስ ቀበሮ ቀድማት ገመድ ዘርግታ ትጠብቃለች። ጅብም ማንም ሳይጠራው መጥቶ ወፍራም ወፍራሙን ግንድ ለራሱ እየመረጠ ነው። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ የልጆቹ እሳት አልጠፋም። ከዚያ ወዲያም የጉም አምባ ሰፈር በተከፈተ ቁጥር የመጀመሪያውን ሸክም ዳገቱን ይዛ የምትወጣው ቀበሮ ሆነች።

ከዚህ የምንማረው፣ በፈቃዳችን የተቀበልነውን ሥራ የሚያየን ኖረም አልኖረም ከልብ መሥራት እንዳለብን፣ ያጎደልን እንደሆነም ጥፋታችንን በራሳችን አፍ ተናግረን በራሳችን ትከሻ መሙላት እንደሚገባን ነው።