ጧሪው ይማል

ስሟን ብናነሳው ነዋሪዎቿ ይኩራሩብናል ብለን በምንተዋት በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ሐጂ ይማም የሚባሉ እህል ነጋዴ ነበሩ። ሚዛናቸው አይዋሽም፤ ሶላታቸው አያልፋቸውም። ጎረቤታቸው ሼህ ጦይብ እርጅና ተጭኗቸው የሚቀምሱት ሲያጡ፣ ከአባታቸው የወረሱት የድንጋይ ቤት ብቻ ቀራቸው። ቤት ደግሞ አይበላም። ስለዚህ ሁለቱ ሽማግሌዎች በምስክር ፊት ተዋዋሉ፤ ሐጂ ሼሁን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሊጦሩ፣ ከዚያ በኋላ ቤቱ የሐጂ ሊሆን። ሼህ ጦይብ በገዛ እጃቸው ጻፉ፦ «ይህ ቤት ከሞቴ በኋላ ለጧሪዬ ነው።» ስም አልጻፉም። ሐጂም «ስሜ የት አለ?» አላሉም፤ ጨዋ ጨዋን እንዲህ አይጠይቅም።

ከዚያ ወዲህ ሐጂ በየወሩ እህልና ማር፣ በየክረምቱ ጋቢ ይልካሉ። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ከደጃፉ ቆመው «አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው!» ይላሉ። ሼሁም ከውስጥ «አሚን! አሚን!» ይላሉ፤ ሁለተኛውን አሚን ጠበቅ አድርገው። አላህ ዱዓ ሰሚ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰማ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሐጂ በዚያ ሲያልፉ፣ ጆንያው በየትኛው ግድግዳ በኩል እንደሚደረደር ዓይናቸው ሳያስፈቅዳቸው ይለካ ነበር። ወዲያው «አስተግፊሩላህ» ብለው ይሄዳሉ። ዓይን ግን አንዴ ለክቷል።

ሼህ ጦይብ ሞቱ። ለቀብር ከሩቅ አገር የመጣው ልጃቸው ሙህዬ ግን ከቃዲው ዘንድ አቤት አለ። እህቱ ሉባባ ባሏ ከሞተባት ጀምሮ ከአባቷ ጋር የኖረች ናት፤ ከዚያ ቤት ሌላ መጠለያ የላትም።

«ወረቀቱ ላይ የሐጂ ስም የለም» አለ ሙህዬ። «ቤቱ የወራሽ ነው። ለወንድ ሁለት እጅ፣ ለሴት አንድ። እሸጠዋለሁ፤ ድርሻዋን ይዛ ትውጣ።»

«አባትህን ስንት ጊዜ ጠየቅሃቸው?» አሉ ቃዲው።

«የቀበርኳቸው እኔ ነኝ! መቃብሩ ውስጥ የወረድኩት እኔ!»

«ወርደሃል» አለች ሉባባ ከበሩ አጠገብ። «አወጣጥህም ፈጣን ነበር።»

ቃዲው ጺማቸውን ዳበስ አደረጉ። «ወረቀቱ ለጧሪው ይላል። ሐጂ፣ ጧሪው እኔ ነኝ ብለው ይማሉና ቤቱን ይረከቡ።»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንዲህ ያለ ቀላል መሐላ በዕድሜያቸው አልገጠማቸውም፤ ከተማው ሁሉ ምስክር ነው።

«ወላሂ…» አሉና ቆሙ። ዓይናቸው ሉባባ ላይ አርፏል። ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ብሏል።

«ሉባባ፣ ያን እህል ማን ነበር የሚፈጨው?»

«እኔ ነኛ፣ ሐጂ።»

«ማሩንስ?»

«እኔ በጥብጬ አጠጣቸው ነበር። አቅም የት ነበራቸውና!»

«ለሶላት ውዱእ ማን ያነሳቸው ነበር?»

«ይሄ ትከሻ ምን ሆኖ የጎበጠ መሰለዎት?» አለች። ቀጥላም ያለ አንዳች ክፋት፣ «እርስዎማ ደጃፍ ላይ ዱዓ ያደርጉ ነበር» አለች።

ሐጂ ወደ ቃዲው ዞሩ። «ቃዲ፣ ወላሂ ብዬ ገብቼ መውጫው ጠፋኝ። ጧሪው ይማል ካላችሁ እሷ ትማል። ውሉ የኔ ነው የሚል ካለም፣ የኔን ለሷ ሰጥቻለሁ።»

«ልጅ ደግሞ ጧሪ ይባላል እንዴ?» ጮኸ ሙህዬ። «ግዴታዋ ነው!»

«ግዴታስ ከሆነ» አሉ ቃዲው፣ «ያንተም ነበር።»

ሉባባ ማለች። ቤቱም በውሉ የእሷ ሆነ።

ከቃዲው ወጥተው በቤቱ ደጃፍ ሲያልፉ ሙህዬ «ሐጂ፣ የአሥራ አራት ዓመት እህልዎን ውሃ በላው!» አላቸው። ሐጂ እንደ ልማዳቸው ወደ ግድግዳው ሊመለከቱ ዳዳቸውና አንገታቸውን መለሱ።

«እህል የላከ፣ እህል ላኪ ነው፤ ጧሪ ያጎረሰ ነው» አሉ።

ዓሊሞች ይህን ቃል በሰፊው ይተነትኑት ይሆናል። እኛ በትንሿ ዕውቀታችን የገባን ይህ ነው፦ በሩቅ ላለች እናታችን በየወሩ የምንልክ ሁሉ «የምጦራት እኔ ነኝ» ስንል፣ ወላሂን ከፊቱ ባናስቀድም ይሻለናል። መላኩ አጅር፣ የአላህ ምንዳ፣ እንዳለው አንጠራጠርም፤ ትከሻው የማን እንደሆነ ግን መጠየቅ አይከፋም። ሐጂ ይማም ከዚያም በኋላ ወደዚያው ቤት እህል መላካቸውን አልተዉም ይባላል። በየጁምዓውም ደጃፉ ላይ ቆመው «አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው!» ይላሉ። ሉባባ ከውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ «አሚን» ትላለች። ሁለተኛው አሚን አያስፈልግም፤ ግድግዳውን የሚለካ የለም።