አህያዋና ዝነኛው ጉሬዛ

አንድ ጊዜ ከልጅነቷ ጀምሮ ጨው ስትጭን የኖረች አህያ ነበረች። የምትሄድበት መንገድ በጫካ ዳር ያልፋል፤ በጫካው ውስጥ በዝላዩና በእስክስታው አገር ያወቀው ጉሬዛ ይኖር ነበር። ገና ውርንጭላ ሳለች፣ ነጭ ለምዱን እያርገፈገፈ ከዛፍ ዛፍ ሲወረወር ያየችው ቀን፣ ጀርባዋ ላይ ጭነት መኖሩን ረሳች። ከዚያ ወዲህ ቀና ብላ ሳታየው አልፋ አታውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችለትም። «እኔ የጭነት ከብት፣ እሱ ዝነኛ፤ ምን ብዬ ላናግረው?» ትል ነበር።

ዓመታት ነጎዱ። ከጫካው ዝነኞች መካከል በድምጿ የታወቀችው ወፍ ዋኔ ሞተች። ከበሮ መቺው ግንደ ቆርቁርም ተከተላት። ጉሬዛውም አርጅቶ ከአንዲት ሾላ ላይ መዋል ጀመረ። አህያዋ ያገኘችውን መንገደኛ ሁሉ «ጉሬዛ ደህና ነው?» ትላለች። «እሱ የሞተ ቀን እኔን አያድርገኝ!» እያለችም ትተክዛለች።

ይህን የሰማች ቀበሮ ሮጣ ጅብ ዘንድ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ሥጋ በእግሩ ይምጣልህ? ሸለቆው ውስጥ ቁጭ ብለህ አልቅስ። ሌላውን ለእኔ ተወው፤ ጉበቱን ብቻ እንዳትነካብኝ!»

በማግስቱ ጠዋት ቀበሮ ሐዘንተኛ ለመምሰል በራሷ ላይ አመድ ነስንሳ ከአህያዋ ደጅ ደረሰች። «እታለም፣ አልሰማሽም? ጉሬዛ አረፈ! ለቅሶው ሸለቆው ውስጥ ነው፤ ቶሎ ድረሺ!»

አህያዋ እያለቀሰች ቁልቁል ወረደች። ጅብ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ለሃጩን ያዝረበርባል።

«አያ ጅቦ፣ አስከሬኑ የት አለ?»

ጅብ ማልቀሱን ረስቶ፣ «አሁን በእግሩ መጣ እኮ!» አላት።

ነገሩ ገባት። ዞር ብላ በኋላ እግሮቿ መንጋጋውን አጮለችውና ሽቅብ ፈረጠጠች። ጅብም ጥርሱን እየለቀመ ቀበሮን ያሳድድ ጀመር።

አህያዋ ስትሮጥ አንድ ነገር ብቻ ታሰባት፤ «እንግዲያ አልሞተም!» ወደ ቤቷ መዞሩን ትታ በቀጥታ ወደ ሾላው ገሰገሰች። ጉሬዛው ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ለምዱ ሳስቷል፤ ዓይኑም ደክሟል።

«ጋሼ ጉሬዛ፣ አሉ እንዴ!»

«አለሁ ልጄ። ምነው እንዲህ አለከለከሽ?»

«ሞቱ ብለው አታለውኝ ሳለቅስ ነበር። ይበልጥ ያንገበገበኝ ሳልነግርዎ መቅረቴ ነበር። ልጄ የሞተ ዓመት አንገቴን ደፍቼ ነበር የምሄደው። እዚህ ስደርስ ግን እርስዎን ለማየት ቀና እላለሁ፤ ሌላ ቀና የሚያደርገኝ አልነበረም። እግዜር ይስጥልኝ።»

ጉሬዛው ከቅርንጫፉ ላይ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «ከላይ ሆኜ የማየው ጀርባችሁን ነበር፤ የማን ልብ ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ታዲያ አሁን ምን ላሳይሽ? መዝለሉ ቀርቷል።»

«አይዝለሉ፤ ይቀመጡልኝ።»

እሱ ግን እንደ ተቀመጠ ትከሻውን ሰበቅ፣ ሰበቅ አደረገ። አህያዋ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ባለፈች ቁጥር ሾላው ሥር ቆማ ታጫውተው ነበር።

ጉሬዛው ክረምቱን ተሻግሮ በመስከረም ሞተ። አህያዋ አምርራ አለቀሰች። ለቅሶ የደረሱት ሊያጽናኗት ሲሞክሩ፣ «ኀዘኔስ ኀዘን ነው፤ ግን በእሱ ዘመን ተፈጥሬ አየሁት፣ አመሰገንኩትም። ተመስገን ነው» አለቻቸው።

ከዚህ የምንማረው፣ ዕድሜያችንን ያሳመሩልንን ሰዎች ሞታቸውን እየፈሩ ከመተከዝ ይልቅ በሕይወት ሳሉ ሄዶ ማመስገን እንደሚሻል ነው።